የፖዚትሮኒየም ዕድሜ በኮምፒዩተር ሲሰላ

ሐኪም የበሽተኛውን የውስጥ አካል ሳይቀድ ለማየት ከሚጠቀምባቸው ዘዴዎች አንዱ ፔት ተብሎ የሚጠራው መሣሪያ ነው። በዚህ መሣሪያ የሚመረመር በሽተኛ አስቀድሞ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ አቶሞች ያሉበት ውሕድ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከስኳር ጋር የሚመሳሰል፣ ፍሎሪን-18 የተባለውን አቶም የያዘ ውሕድ ነው። የካንሰር ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ከጤነኞቹ ይበልጥ ስኳር ስለሚሻሙ ውሕዱ በነርሱ ዘንድ ይከማቻል። ከዚያ ስፍራ የሚወጣውን ጨረር በበሽተኛው ዙሪያ እንደ ቀለበት የተደረደሩ ጠቋሚዎች ይይዙታል፤ ኮምፒዩተርም ጨረሩ ከየት እንደ መጣ አስልቶ ሥዕል ያወጣል።

ይህ ሥዕል «ውሕዱ የት ተከማቸ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። «የተከማቸበት ኅብረ ሕዋስ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል?» ለሚለው ግን የሚሰጠው መልስ ጎደሎ ነው። በኢንፌክሽን ምክንያት የቆሰለ የሰውነት ክፍልም እንደ ካንሰር ሁሉ ስኳር ሊሻማ ይችላል፤ በሥዕሉም ላይ ሁለቱ ተመሳስለው ሊታዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከዕባጩ ላይ ቁራጭ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ እንዲመረመር ማዘዝ ግድ ይሆንበታል። ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት ለማሟላት ተስፋ ከጣሉባቸው ነገሮች አንዱ፣ በምርመራው ጊዜ በበሽተኛው ሰውነት ውስጥ ተፈጥሮ ወዲያው የሚጠፋው ፖዚትሮኒየም ነው። ይህን ያህል ዕድሜው ያጠረ ነገር ለሐኪም እንዴት ምስክር ሊሆን እንደሚችል፣ ተመራማሪዎችም ምስክርነቱን ለመመዘን ኮምፒዩተርን እንዴት እንደሚጠቀሙበት ቀጥላችሁ ታነባላችሁ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በፊዚክስ ትምህርታችሁ እንደ ተማራችሁት፣ ኤሌክትሮን ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጣት ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ፖል ዲራክ በ1931 መጠነ ቁሱ ከኤሌክትሮን ጋር እኩል የሆነ፣ ቻርጁ ግን ፖዘቲቭ የሆነ ቅንጣት ሊኖር እንደሚገባ ከስሌት ተነሥቶ አመለከተ። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካዊው ካርል አንደርሰን ከጠፈር የሚመጡ ጨረሮችን ሲያጠና ይህንኑ ቅንጣት አገኘው፤ ስሙም ፖዚትሮን ተባለ። የፍሎሪን-18 ኒውክለስ ሲፈርስ የሚያወጣው ይህንን ፖዚትሮን ነው። ፖዚትሮንና ኤሌክትሮን ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ። ኢነርጂያቸው ግን አይጠፋም፤ መጠነ ቁሳቸው ወደ ሁለት የጋማ ጨረር ፎቶኖች ይለወጣል። እያንዳንዱ ፎቶን 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ይዞ፣ አንዱ ከሌላው በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈተለካል። የፔት መሣሪያ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ሁለት ጠቋሚዎች በአንድ ቅጽበት አንዳንድ ፎቶን ከያዙ፣ ፖዚትሮኑ የጠፋው ሁለቱን ጠቋሚዎች በሚያገናኘው ቀጥተኛ መሥመር ላይ ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፖዚትሮንና ኤሌክትሮን በተገናኙ ቁጥር ወዲያው አይጠፋፉም። አንዳንድ ጊዜ ከመጥፋታቸው በፊት ተያይዘው አንዱ በሌላው ዙሪያ ይዞራሉ። በዚህ ጊዜ ኒውክለስ የሌለው፣ ሃይድሮጂንን የሚመስል አቶም ይፈጠራል። ፖዚትሮኒየም የሚባለው ይህ ነው። የክሮኤሺያው ተወላጅ ስትየፓን ሞሆሮቪቺች በ1934 እንዲህ ያለ አቶም ሊኖር እንደሚችል ጻፈ፤ በ1951 ደግሞ ማርቲን ዶይች በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መኖሩን በሙከራ አረጋገጠ።

ፖዚትሮኒየም ሁለት ዓይነት ነው። የሁለቱ ቅንጣቶች እሽክርክሪት ተቃራኒ ከሆነ ፓራ-ፖዚትሮኒየም ይባላል፤ አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ኦርቶ-ፖዚትሮኒየም ይባላል። የሁለቱ ዕድሜ እጅግ ይለያያል። ፓራው በአማካይ 0.125 ናኖሰኮንድ ኖሮ ወደ ሁለት ፎቶኖች ይለወጣል። ኦርቶው ግን ባዶ ቦታ ውስጥ ቢሆን በአማካይ 142 ናኖሰኮንድ ይኖርና ወደ ሦስት ፎቶኖች ይለወጣል። ናኖሰኮንድ ማለት አንድ ሰኮንድ ለአንድ ቢሊዮን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሁሉ የሚፈጥነው ብርሃን እንኳ የሚጓዘው 30 ሴንቲሜትር ያህል፣ ማለትም የአንድ ማስመሪያ ርዝመት ብቻ ነው።

ለሐኪም የሚጠቅመው ኦርቶው ነው። ሰውነታችን ባዶ ቦታ ባለመሆኑ ኦርቶ-ፖዚትሮኒየም ዕድሜውን በሙሉ አይኖርም። በሞለኪውሎች መካከል ባሉት ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ሲንቀሳቀስ፣ ፖዚትሮኑ የራሱን ጓደኛ ትቶ ከአጠገቡ ካለ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ጋር ይጠፋፋል። በዚህም የተነሣ ዕድሜው ከ142 ወደ 2 ናኖሰኮንድ ገደማ ይወርዳል። 142ን ለ2 ብታካፍሉ 71 ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ በሰውነት ውስጥ በራሱ ሞት የሚሞተው፣ ሦስት ፎቶኖችንም የሚሰጠው ኦርቶ-ፖዚትሮኒየም ከ71 አንዱ ያህል ብቻ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ዕድሜው ይረዝማል፤ ጠባብ ከሆነ ያጥራል። በአካባቢው የሟሟ ኦክሲጅን ካለም ዕድሜውን ይበልጥ ያሳጥረዋል። እንግዲህ የዚህን አቶም ዕድሜ የሚለካ ሰው ስለ ክፍተቶቹና ስለ ኦክሲጅኑ አንድ ነገር አወቀ ማለት ነው። ኦክሲጅን ያነሰው ዕባጭ የጨረር ሕክምናን ስለሚቋቋም፣ ይህ ለሐኪም ትልቅ ወሬ ነው።

ዕድሜን ለመለካት የልደትንም የሞትንም ጊዜ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞቱን 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የያዙት ሁለቱ ፎቶኖች ይናገራሉ። ልደቱን ግን ፍሎሪን-18 አይናገርም፤ ፖዚትሮኑን ዝም ብሎ ይለቀዋል። እንደ ስካንዲየም-44 ያሉ አቶሞች ግን ፖዚትሮኑን በለቀቁበት ቅጽበት ማለት ይቻላል አንድ ተጨማሪ የጋማ ፎቶን ያወጣሉ። የስካንዲየም-44 ፎቶን ኢነርጂ 1157 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በመሆኑ ከሌሎቹ ጋር አይምታታም። ይህ ፎቶን ሲያዝ «ተወለደ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሁለቱ ሲያዙ «ሞተ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ዕድሜው ነው።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመሥራት የሚነሣ ተመራማሪ በርካታ ጥያቄዎች ያጋጥሙታል። ጠቋሚዎቹ ስንት ይሁኑ? ከምን ይሠሩ? በሽተኛው ስንት ደቂቃ ይተኛ? የሚሰጠው ራዲዮአክቲቭ ነገር ምን ያህል ይሁን? ይህን ሁሉ በሰው ላይ እየሞከሩ ማወቅ አይቻልም፤ ጨረር ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ጉዳት ነውና። ስለዚህ መሣሪያው ከመሠራቱ፣ በሽተኛውም ከመተኛቱ በፊት ሁሉም ነገር በኮምፒዩተር ውስጥ ተመስሎ ይሞከራል። ይህ ዘዴ ሲሙሌሽን ይባላል፤ በአማርኛ «ማስመሰል» ልንለው እንችላለን። በዕለት ተዕለት ንግግራችን «አስመሳይ» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሰው ያልሆነውን ሆኖ ሲታይ የምንለው ነው። በሳይንስ ግን ማስመሰል ማታለል አይደለም፤ አስመሳዩ ማስመሰሉን አስቀድሞ ይናገራል፣ በምን ሕግ እንዳስመሰለም ጽፎ ያስቀምጣል።

ለዚህ የሚያገለግለው ስሌት የሞንቴ ካርሎ ዘዴ ይባላል። በ1946 የፖላንዱ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ስታኒስላቭ ኡላም ከሕመም ሲያገግም ጊዜውን በካርታ ጨዋታ ያሳልፍ ነበር። ጨዋታው ስንት ጊዜ እንደሚሳካ በሒሳብ ለማግኘት ሞክሮ ቢቸግረው፣ መቶ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቁጠር እንደሚሻል ታየው። ሐሳቡንም ለባልደረባው ለጆን ፎን ኖይማን አካፈለው። ዘዴው ስሙን ያገኘው በሞናኮ አገር ካለው የታወቀ የቁማር ቤት ነው። መጀመሪያ የዋለው ግን ለቁማርም ለሕክምናም ሳይሆን፣ በኒውክሊየር ቦምብ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ኒውትሮኖች ለማስላት ነበር። ለጥፋት የታሰበ ስሌት ዛሬ የበሽተኛን አካል ለመመርመር መዋሉ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኝ መልካም ዕጣ ነው።

ዘዴውን ለመረዳት ኮምፒዩተር አያስፈልጋችሁም። 64 ሳንቲሞች ሰብስቡና በትናችሁ ጣሏቸው። አንበሳው ወደ ላይ የሆነውን እያንዳንዱን ሳንቲም «ሞተ» ብላችሁ አውጡ፤ የቀሩትን ቁጠሩና እንደገና ጣሉ። ከመጀመሪያው ውርወራ በኋላ 32 ያህል፣ ከሁለተኛው በኋላ 16 ያህል፣ ከሦስተኛው በኋላ 8 ያህል ሳንቲሞች ይቀራሉ። «ያህል» የሚለውን ቃል ልብ በሉ፤ አንዳችሁ 35፣ ሌላችሁ 29 ልታገኙ ትችላላችሁ። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር ታስተውላላችሁ። ከአምስት ውርወራ የተረፈ ሳንቲም ከሌሎቹ ይልቅ አላረጀም፤ በስድስተኛው ውርወራ የመውጣት ዕድሉ እንደ መጀመሪያው ግማሽ በግማሽ ነው። ፖዚትሮኒየምም እንዲሁ ነው። እንደ ሰው አርጅቶ አይሞትም፤ «ዕድሜ» የምንለውም የብዙዎቹን አማካይ እንጂ ለአንዱ የተወሰነለትን ቀን አይደለም።

ኮምፒዩተሩም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ሳንቲም በመጣል ፈንታ የዕጣ ቁጥሮችን ማውጣቱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ቁጥሮቹ ዕጣ ይምሰሉ እንጂ በሒሳብ ደንብ የሚገኙ ናቸው፤ ከአንድ መነሻ ቁጥር ከጀመሩ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥር ያወጣሉ። ይህ ጉድለት ይመስላል፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ስሕተት ሲገኝ ግን ያንኑ ስሌት ያለ አንዳች ለውጥ ደግሞ ለመመርመር ስለሚያስችል ይጠቅማል።

አንድ ፖዚትሮን በኮምፒዩተር ውስጥ የሚያልፍበትን ሕይወት እንከተል። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ በተመሰለው ሰውነት ውስጥ አንድ ነጥብ ይመርጣል፤ ፖዚትሮኑም ከዚያ ይነሣል። ወዴት እንደሚሄድና በምን ያህል ኢነርጂ እንደሚነሣ በዕጣ ይወሰናል። ከአቶሞች ጋር እየተጋጨ ኢነርጂውን ያጣና ይቆማል። አሁን ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች አንዱ ይወጣል። በውሃና በኅብረ ሕዋስ ውስጥ ከ100 ፖዚትሮኖች 40 ያህሉ ፖዚትሮኒየም ይሆናሉ ብለን ብንነሣ፣ ዕጣው ከ1 እስከ 10 ከሆነ ፓራ፣ ከ11 እስከ 40 ከሆነ ኦርቶ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ፖዚትሮኒየም ሳይሆን በቀጥታ ይጠፋል። ኦርቶ ከሆነ፣ በዚያ ስፍራ የተሰጠው አማካይ ዕድሜ ይታያል። ዕድሜው 2 ናኖሰኮንድ ቢሆን፣ በየ0.1 ናኖሰኮንዱ የመጥፋት ዕድሉ ከ100 አምስት ያህል ነው፤ ኮምፒዩተሩም እስኪጠፋ ድረስ ዕጣ ያወጣለታል። ሲጠፋ ፎቶኖቹ ይነሣሉ። አንዱ ፎቶን ሳይነካ ከሰውነቱ ይወጣ ይሆናል፤ ሌላው ከኤሌክትሮን ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫውን ይለውጥ ይሆናል፤ ሦስተኛው በሁለት ጠቋሚዎች መካከል ሾልኮ ያመልጥ ይሆናል። የተያዘውም ቢሆን በትክክለኛው ሰዓት አይመዘገብም፤ እንደ እውነተኛው መሣሪያ ሁሉ ጥቂት ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ይህ አንድ ታሪክ ነው። ኮምፒዩተሩ እንዲህ ያለውን ታሪክ ሚሊዮኖች ጊዜ፣ ሲያስፈልግም ቢሊዮኖች ጊዜ ይደግመዋል።

በጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለ የምርምር ማዕከል የተጀመረው፣ በ1998 ለተጠቃሚዎች የቀረበው ጄያንት-4 የተሰኘ ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ስሌቶች ያከናውናል። በርሱ ላይ ተመሥርቶ ለሕክምና ሥዕል የተዘጋጀው ጌት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በ2004 ወጥቷል። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ፔት ያልገባበት አገር ተማሪም የፔትን መሣሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ ሊሠራ ይችላል።

እኔ ግን የማስመሰል ትልቁ ጥቅም መድገሙ ነው አልልም። ትልቁ ጥቅም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ ፎቶኖች የሚደርሱት ስማቸው ሳይጻፍባቸው ነው። ከአንዱ አቶም የመጣ የልደት ፎቶን ከሌላ አቶም ከመጡ የሞት ፎቶኖች ጋር በአጋጣሚ አንድ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ መሣሪያውም የአንዱን ልደት ከሌላው ሞት ጋር አጣምሮ የማንም ያልሆነ ዕድሜ ይመዘግባል። ይህን ማን ሊያውቅ ይችላል? በሽተኛውን ከፍቶ የሚያይ የለም። በኮምፒዩተር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ፎቶን ከየትኛው አቶም እንደ ወጣ፣ በመንገዱም ስንት ጊዜ እንደ ተጋጨ ተጽፎበታል። ተመራማሪው ይህን ጽሑፍ ደብቆ፣ የተመዘገበውን ሰዓትና ቦታ ብቻ ለሥዕል አውጪው ፕሮግራም ይሰጣል። ከዚያ የወጣውን ዕድሜ ራሱ ካስገባው ዕድሜ ጋር ያስተያያል። 2 ናኖሰኮንድ አስገብቶ 2.4 ካገኘ፣ ስሕተቱ ከአጋጣሚ ጥምረት ይሁን ከተጋጩ ፎቶኖች ወይም ከጠቋሚው ዝግመት፣ የተደበቀውን ጽሑፍ ገልጦ ምንጩን ያገኛል።

የሚያስፈልገው የፎቶን ብዛትም እንዲሁ ይታወቃል። አማካይ ዕድሜን ለማግኘት ስንነሣ፣ ሌላ ስሕተት ባይኖር እንኳ፣ ከዕጣ የሚመጣው ስሕተት ዕድሜው ለተለኩት አቶሞች ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 2 ናኖሰኮንድ 2000 ፒኮሰኮንድ ነው። 100 አቶሞችን ብንለካ ስሕተቱ 200 ፒኮሰኮንድ ይሆናል፤ 10,000 ብንለካ 20፣ 1,000,000 ብንለካ 2 ፒኮሰኮንድ ይሆናል። ስሕተቱን በአሥር እጅ ለመቀነስ ልኬቱን በመቶ እጅ ማብዛት ግድ ነው። ኦክሲጅን በበዛበትና ባነሰበት ሥጋ መካከል የሚጠበቀው የዕድሜ ልዩነት በጥቂት ፒኮሰኮንድ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ለማየት፣ ለእያንዳንዱ ትንሽ የሰውነት ክፍል ሚሊዮን ያህል ልኬት ሊያስፈልግ ነው። ይህን ለማግኘት የበሽተኛውን ጨረር ማብዛት አይቻልም፤ ቀኑን ሙሉ አስተኝቶ ማዋልም አይቻልም። የሚቻለው ብዙ ፎቶኖች እንዳያመልጡ አድርጎ መሣሪያውን መሥራት ነው፤ የትኛው አሠራር ይህን እንደሚፈጽም የሚነግረን ደግሞ ማስመሰሉ ነው።

ማስመሰል የማይችለውን ነገርም ማወቅ ይገባል። ኮምፒዩተሩ ካንሰር በያዘው ሥጋ ውስጥ ፖዚትሮኒየም ስንት እንደሚኖር አያውቅም፤ ሰው የነገረውን ዕድሜ ይዞ ይሠራል። ያላስገቡበትን እውቀት ከርሱ የሚጠብቁ ሰዎች የራሳቸውን ግምት በቁጥር አጊጦ ሲመለስ ያዩና እንደ ግኝት ይቆጥሩታል። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ውሃና ሌላ የታወቀ ነገር የተሞላ ዕቃ በእውነተኛው መሣሪያ ይለካሉ፤ ያንኑ ዕቃ በኮምፒዩተር ያስመስላሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ የሚታረመው ማስመሰሉ ነው።

የሥጋን ምስጢር ከሥጋ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በፖላንድ በክራኮቭ ከተማ ባለው በያጊየሎኒያን ዩኒቨርሲቲ የተደረገውም ይኸው ነው። በፓቬል ሞስካል የሚመራው ቡድን ጄ-ፔት የተባለውን መሣሪያ የሠራው፣ በፔት እንደ ተለመደው ከውድ ክሪስታል ሳይሆን ከረዣዥም የፕላስቲክ ዘንጎች ነው። ፕላስቲክ ዋጋው ርካሽ፣ ሰዓት አያያዙም ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ፎቶን በውስጡ ኢነርጂውን ከፊል ብቻ ጥሎ ያልፋል። በ2021 ቡድኑ ከበሽተኞች ልብ የወጣ ዕባጭንና የስብ ሥጋን በዚህ መሣሪያ ለካ፤ የኦርቶ-ፖዚትሮኒየም ዕድሜ በዕባጩ ውስጥ 1.9 ናኖሰኮንድ ገደማ፣ በስቡ ውስጥ ደግሞ 2.6 ናኖሰኮንድ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በ2024 ይኸው ቡድን በሕይወት ካለ ሰው አንጎል የተገኘ የመጀመሪያውን የፖዚትሮኒየም ሥዕል አሳተመ። የተመረመረው በአንጎሉ ውስጥ ብርቱ የካንሰር ዕባጭ የነበረበት አንድ በሽተኛ ሲሆን፣ ዕድሜው በዕባጩ ውስጥ ከጤነኛው የአንጎል ክፍል አጥሮ ታየ።

በዚያ ምርመራ የዋለው አቶም ጋሊየም-68 ነበር። ጋሊየም-68 በሆስፒታሎች የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የልደት ፎቶኑን ከፖዚትሮኑ ጋር የሚሰጠው ከ100 አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ስለ ሚሊዮን ልኬት ከላይ የሠራነውን ስሌት መለስ ብላችሁ ብታዩ፣ ይህ ምን ያህል ችግር እንደሆነ ይገባችኋል። ስካንዲየም-44 የልደት ፎቶኑን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይሰጣል፤ ግማሽ ዕድሜውም 4 ሰዓት ያህል ስለሆነ ከተመረተበት ወደ በሽተኛው ለማድረስ ጊዜ ይበቃል። በመሆኑም በኮምፒዩተሮቹ ውስጥ በተመሰሉት ሰውነቶች ላይ እየተሞከረ ያለው፣ ስካንዲየም-44 የሚሰጠው ሰው ርዝመታቸው መላ ሰውነትን በሚከብቡ ጠቋሚዎች መካከል ቢተኛ፣ ለእያንዳንዱ የዕባጩ ክፍል ስንት ልኬት እንደሚገኝ ነው።